የጠብታ ቅርጽ ያላት የእንጨት ማደሪያ ተሳቢ ደሴ ላይ እንዴት ትሠራለች

ይህች ተሳቢ ሁለት ሰው ያድርባታል፤ የኋላ ክዳኗ ሲነሳ ደግሞ ወጥ ቤት ትሆናለች። ርዝመቷ 244 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 122፣ የክፍሏ ቁመት 120 ነው። ልኩ የተወሰደው ከአንድ ሉህ ኮምፖርሳቶ ነው፤ ከዚህ ስታስበልጡት ሉህ መቀጠል፣ መቀጠል ሲመጣ ደግሞ ክብደትና የውሃ መግቢያ ይበዛል። ጭነቷን ይዛ 450 ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች። አናጺነቱ ቁም ሣጥን ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። ደሴ ላይ ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ የክብደቷ ሚዛን፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጣሪያና የክዳን መገጣጠሚያዋ።

ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ንድፉን ይዛችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ በግል ለተሠራች ተሳቢ ታርጋ ለማውጣት ምን እንደሚጠየቅ አስቀድማችሁ እወቁ። በወረቀት ላይ ማረም በግራይንደር ከማረም ይቀላል። ቀጥሎ የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ አውጡና ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደውን ኪሎ ተመልከቱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ባለ 1000 ሲሲ መኪና ቁልቁል ቢያወርዳት እንኳ ከኮምቦልቻ መልሶ ሲያወጣት ሐረጎ ላይ ይለግማል።

ዕቃው

ኮምፖርሳቶ ባለ 18 ሚሊ ሁለት ሉህ ለጎኖቹ፣ ባለ 12 ሚሊ ሁለት ሉህ ለወለልና ለወጥ ቤቱ፣ ባለ 4 ሚሊ አራት ሉህ ለጣሪያው ውስጥና ውጭ። አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) 60 በ40 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ ባለ 6 ሜትር ሦስት ዘንግ። ለጣሪያ አጥንት 4 በ3 ሴንቲ የሆነ የፈረንጅ ጥድ 25 ሜትር ያህል። ውሃ የሚቋቋም ኮላ፣ የማይዝግ ብሎን፣ ሲሊኮን፣ 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ነጭ ፎም። አክስል፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬና ኩሽኔታ ኮምቦልቻ ጋራዦች ውስጥ ፈልጉ፤ የሚሌ መንገድ መኪና ስለማይጠፋበት ምርጫው ከደሴ ይሰፋል።

ኮምፖርሳቶ ስትገዙ በቀለሙ አትመኑ። መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅሏት። ንብርብሯ ከተላቀቀ ያ ሉህ የቤት ውስጥ ዕቃ ነው፤ ለአንድ ክረምት እንኳ አይሆንም። ለአርማታ ቅርጽ የሚሸጠው ፊቱ ቡናማ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ የለበሰው 18 ሚሊ ሉህ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል፤ በየግንባታ ዕቃ መደብሩም አለ። ጉድለቱ ሁለት ነው። ፊቱ ቀለም አይዝም፤ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ካልተፋቀ ቀለሙ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ቆዳ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ መሃሉ ባዶ ቦታ ያለበት ሉህ ያጋጥማል፤ ጠርዙን ዙሪያውን አይታችሁ ቀዳዳ የሌለበትን ምረጡ።

ለአጥንት ባህር ዛፍ አትጠቀሙ። ከባድ ነው፤ ሲደርቅም ይጠመዘዛል፣ ጣሪያውንም አብሮ ያጣምመዋል። የፈረንጅ ጥዱም ቢሆን መድረቁን አረጋግጡ፦ አንዷን ቁራጭ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ ከጣሪያ ሥር አስቀምጣችሁ ከሳምንት በኋላ እንደገና መዝኑ። ክብደቷ አሁንም እየቀነሰ ከሆነ ጠብቁ።

ሻንሲና አክስል

መጀመሪያ አንድ ልክ እንግባባ። ጎኖቹ ወለሉን ከውጭ አቅፈው ይቆማሉ። ወለሉን ሙሉ 122 ካደረጋችሁት የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ተጨምሮ አጠቃላይ ወርዱ 125.6 ይሆናል፤ የጣሪያው ሉህ ግን 122 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህ የሚገባው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ነው፤ በየጎኑ የሚጎድለውን ጣት የምታህል ክፍተት በስቱኮ ሞልቶ ለመሸፈን ይሞክራል፣ ውሃውም በዚያው ይገባል። ስለዚህ ወለሉን 118.4፣ ሻንሲውን 118 አድርጉ።

ሁለት ባለ 240 ቁመት ብረት፣ አራት መስቀለኛ፣ ከፊት ደግሞ እንደ ማዕዘን ተገናኝተው ወደ ኳሱ፣ ማለትም ተሳቢዋ ከመኪናው ኋላ ወደምትያያዝበት ክብ ብረት፣ የሚሄዱ ሁለት ክንዶች። ክንዶቹ ከመጀመሪያው መስቀለኛ ላይ ብቻ ተበይደው እንዳይቀሩ፤ በሻንሲው ሥር አልፈው ሁለተኛውን መስቀለኛም ይያዙ። ጠቅላላው ኃይል የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ አንድ መስመር ብየዳ ብቻ የያዘው ክንድ ሥሩ ላይ ይሰነጠቃል። ሲበየድ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዙና ሰያፍ ለሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ በኋላ ነው ሙሉው ብየዳ የሚገባው።

የፒካፕ ባሌስትራ እንዳለ አትግጠሙ። አንድ ቶን ለመሸከም የተሠራ ስለሆነ ለእናንተ 450 ኪሎ ንቅንቅ አይልም፤ ጉድጓድ ላይ ተሳቢዋ ትዘላለች፣ ሳህኑም ብሎኑም ይላቀቃል። ከየጎኑ ቅጠል እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ ዋናውን ረጅሙን ቅጠል ግን አትንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ450 ኪሎ ከ45 እስከ 67 ኪሎ ማለት ነው። ካነሰ ተሳቢዋ ቁልቁለት ላይ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ትጀምራለች፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውዝዋዜው መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። ከበዛ የመኪናው ፊት ይቀልና መሪው ይሰንፋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ኳሱ ከክፍሉ ፊት 110 ሴንቲ ቢርቅና የክብደቱ መሃል የክፍሉ መሃል፣ ማለትም 122 ላይ ቢሆን፣ ድምሩ 232 ነው። 12 በመቶ ኳሱ ላይ እንዲያርፍ 232ን ለ0.88 አካፍሉ፤ 264 ይመጣል። ይህ ከኳሱ እስከ አክስሉ ያለው ርቀት ነው፤ ስለዚህ አክስሉ ከክፍሉ ፊት 154 ሴንቲ ላይ ይቀመጣል።

ይህ ግን መነሻ ነው፤ ወጥ ቤቱ ከኋላ ስለሆነ መሃሉ ይሸሻል። ባለ 20 ሊትር አንድ ጀሪካን ውሃ ኋላ ስታስቀምጡ ኳሱ ላይ 5 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የባሌስትራውን መያዣዎች በቀጥታ አትበይዱ፤ በባለ 12 ሚሊ ብሎን እሰሯቸው፣ ወደ ኋላ በየ4 ሴንቲው ሁለት ትርፍ ቀዳዳ ተዉላቸው። አክስሉን 4 ሴንቲ ወደ ኋላ መግፋት ኳሱ ላይ 6 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ሥራው ሲያልቅ ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ፣ የሰው ሚዛን ከኳሱ መቀመጫ ሥር አድርጋችሁ፣ በመኪናው ኳስ ቁመት ልክ መዝኑ።

ጎኖቹና ውስጡ

ቅርጹን በአንዱ ሉህ ላይ እንዲህ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያው ቁጥር ከፊት ያለው ርቀት፣ ሁለተኛው ከታች ያለው ቁመት ነው፣ ሁሉም በሴንቲ ሜትር፦

0 – 45፣ 10 – 81፣ 20 – 95፣ 40 – 110፣ 60 – 118፣ 80 – 120፣ 100 – 120፣ 130 – 117፣ 160 – 109፣ 190 – 94፣ 220 – 66፣ 235 – 42፣ 244 – 0

በየነጥቡ ትንሽ ምስማር ምቱ፣ ቋጠሮ የሌለው ቀጭን ጣውላ በምስማሮቹ ላይ አጥፉና በእርሳስ ተከተሉት። ጣውላው አንድ ምስማር አልነካም ካለ ጣውላውን እመኑ፤ ዓይን የሚያየው የመስመሩን ልስላሴ ነው። ሁለቱን ሉሆች ደራርባችሁ በሞርሳ ጠፍራችሁ አንድ ላይ ቁረጡ፤ ለየብቻ የተቆረጡ ጎኖች በሁለት ሚሊ እንኳ ቢለያዩ ጣሪያው ይጠማዘዛል።

በሮቹ ከፊት ከ45 እስከ 112፣ ከታች ከ12 እስከ 95 ባለው ውስጥ ይወጣሉ። ማዕዘናቸውን ክብ አድርጉ፣ ራዲየሱ ከ10 ሴንቲ አይነስ፤ ስል ማዕዘን ያለው ቀዳዳ በመንገድ ንዝረት ከጥጉ ጀምሮ ይሰነጠቃል። የወጣውን ቁራጭ አትጣሉት፣ በሩ እሱው ነው።

የመኝታውንና የወጥ ቤቱን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ማቆም እግር ያሳጥራል። ግድግዳው ከጣሪያ 150 ላይ ይነሳ፣ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሲቀረው ወደ ኋላ ታጥፎ እስከ 195 ይሂድ፣ ከዚያ ወደ ወለል ይውረድ። በዚህ መልክ የተኛው ሰው እግሩን ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ይዘረጋል። ወለሉ ከመሬት 45 ሴንቲ ገደማ ከፍ ስለሚል ጠረጴዛው ቆሞ ለሚሠራ ሰው 90 ሴንቲ ላይ ይገኛል። የወለሉን ሥር ግን ከመግጠማችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ሬንጅ ቀቡት፤ በኋላ እጅ አይገባም።

ስለ ኮላ አንድ ማሳሰቢያ። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በትክክል አይይዝም፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፣ በእጅ ሲነካም ይፈረፈራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደሴ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ለጥፉ፣ ማታ ደግሞ መገጣጠሚያውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ።

ጣሪያ

አጥንቶቹ በሁለቱ ጎኖች መሃል ይገባሉ። መጀመሪያ በ3 ሚሊ መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጡ፣ ከዚያ ኮላና ባለ 5 ሴንቲ ብሎን። ፊት ለፊት ባለው ጠመዝማዛ በየ12 ሴንቲው፣ ለጥ ባለው ቦታ በየ25 ሴንቲው።

ባለ 4 ሚሊውን ሉህ በርዝመቱ ለማጠፍ የሚሞክር ሰው ይሰብረዋል። የፊቱ ጭረት በርዝመቱ ስለሚሄድ በዚያ አቅጣጫ ግትር ነው። ሉሁን ከመሃል ቆርጣችሁ 122 በ122 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጡና 90 ዲግሪ አዙሯቸው፤ ጭረቱ በወርድ ሲሆን በቀላሉ ይታጠፋል። ከፊት ታችኛው ጠርዝ እስከ ክዳኑ መነሻ 238 ሴንቲ ስለሆነ ሁለቱ ቁራጮች በትክክል ይበቃሉ። መጋጠሚያቸው ሰፋ ባለ አጥንት ላይ ይረፍ። አሻፈረኝ ካለ በፈላ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለግማሽ ሰዓት አልብሱት።

ቅደም ተከተሉ፦ የውስጡ ሉህ፣ የመብራት ሽቦ፣ ፎም፣ የውጩ ሉህ። ሽቦውን ረስቶ የሚሸፍን አይጠፋም።

ለላይኛው ልብስ 0.7 ሚሊ አሉሚኒየም ምርጥ ነው፤ 10 ኪሎ አይሞላም። ባለ 0.5 ሚሊ የብረት ላሜራ እጥፍ ይመዝናል። በመሃል አትቸንክሩት፣ በኮላም አታጣብቁት፤ ደሴ ላይ ጠዋት ብርድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቀትር ሙቀት ሲፈራረቁበት ይሰፋል ይጠባል፣ መንቀሳቀሻ ካጣ ያብጣል። ጠርዙን ብቻ በማዕዘን ብረትና በሲሊኮን ያዙት። ገንዘብ ካጠረ ወፍራም አቡጀዲ ውሃ በሚቋቋም ኮላ ለጥፎ ሦስት እጅ የዘይት ቀለም መቀባት ይቻላል፤ በየሁለት ዓመቱ ማደስን ግን ይጠይቃል።

ክዳኑ

ይህ ከሁሉም አስቸጋሪው ክፍል ነው። ክዳኑ እንደተሠራ ከሞርሳው ሲፈታ ሉሁ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሊመለስ ይታገላል፤ ከታች ሁለት ሴንቲ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የክዳኑን ጎን አጥንቶች ከተሳቢዋ ቅርጽ በጥቂቱ አጥብባችሁ ቁረጡ፣ ሁለቱንም ገጽ በኮላ ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ተሳቢዋ ላይ ታስሮ ይቆይ።

የማጠፊያው መስመር ከላይ ዝናብ ፊት ለፊት የሚያገኘው ቦታ ነው። ሲሊኮን ብቻ አይበቃም፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ይቀደዳል። አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በርዝመቱ ቆርጣችሁ 10 ሴንቲ ወርድ ያለው ሪባን አውጡ፣ ማጠፊያውን ከላይ ሸፍኖ የላይኛው ጠርዙ ከጣሪያው ልብስ ሥር ይግባ። በሁለቱ ጎን ደግሞ ከክዳኑ ሥር የውሃ መሄጃ ቦይ ይኑር፤ የገባው ውሃ በቦዩ ወርዶ ከታች ይወጣል። የመኪና የኋላ በር ጋዝ ሾክ ለዚህ ክዳን ኃይለኛ ነው፣ አጥንቱን ይነቅላል፤ ሁለት የእንጨት ድጋፍ ይበቃል።

አየርና መብራት

በየጎኑ 10 በ20 ሴንቲ የሆነ፣ ወንፊት ያለው መተንፈሻ ይኑር፤ አንዱ ከታች፣ ሌላው በተቃራኒው ከላይ። ሁለት ሰው ሌሊቱን የሚያወጣው ትንፋሽ ብቻ ግድግዳውን ያርሳል። ከሁሉ በላይ፣ ብርዱ ቢጠናም የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ይህችን በምታህል ሣጥን ውስጥ ጭሱ የማይታየው መርዝ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ቡናው ከውጭ ይፈላ።

የፍሬን፣ የፍሬቻና የታርጋ መብራት ሽቦ ከመኪናው ሲመጣ ለመሬት የራሱ ሽቦ ይኑረው። ኳሱ ብረት ነው ብሎ በሱ መተማመን ፍሬቻው ሲበራ ሁሉም መብራት አብሮ እንዲርገበገብ ያደርጋል፤ ግራሶና ዝገት ስለሚያቋርጠው። ተሳቢዋ የራሷ ባትሪ ካላት 10 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይግባ።

ሙከራ

ፍራሹ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይዘጋበት፣ ሌላው ለ20 ደቂቃ ከላይ ውሃ ያፍስስ፤ ከማጠፊያው ጀምሮ ወደ ፊት። የሚያንጠባጥበው ቦታ ሁልጊዜ ውሃው የገባበት ስላልሆነ ከታየበት ወደ ላይ ተከተሉት።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሐይቅ ይሁን፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ሐረጎም አያስፈራም። ሁለቱ የደኅንነት ሰንሰለቶች ከኳሱ ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙና የሁለቱን ጎማ መሃል በእጅ ንኩ፤ ለብ ማለት ደህና ነው፣ እጅ የማያስቆይ ከሆነ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ግራሶ አንሶታል። ደርሶ መልስ ላይ የጎማውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ቀለሙ ሲረግፍ ይላላል።

ሐረጎን ስትወርዱ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ፤ ተሳቢዋ ፍሬን ስለሌላት የምትገፋው መኪናውን ነው። መወዛወዝ ከጀመረች ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍሬን በኃይል አትርገጡ። ኮምቦልቻ ስትገቡ ከሁሉ በፊት ጀሪካኑን ወደ ፊት አምጡና ኳሱን እንደገና መዝኑ።