ቤታ ዓሳ ጓደኛ አልቀበል ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ባለፈው ታኅሣሥ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ዓሳዬ ጓደኞቹን ሊጨርሳቸው ነው» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ትንሽ የመስታወት አኳሪየም ውስጥ አንድ ቀይ ወንድ ቤታ፣ ሁለት ወንድ ጉፒና አንድ ጎልድፊሽ የሚባሉ የጌጥ ዓሳዎች ታጭቀዋል። ቤታው ጉፒዎቹን ከጥግ ጥግ ያሳድዳል። ጎልድፊሹ ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ልጁ ክፉ ዓሳ የደረሰው መስሎት አዝኗል። ዓሳው ግን ምንም አላጠፋም። አብረው መኖር የማይችሉትን አንድ ላይ የከተትናቸው እኛ ነን።

ወደ ምልክቶቹ ከመሄዳችን በፊት ሜትር አምጡና አኳሪየማችሁን ለኩ። ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲሜትር አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ሊትሩ ያ ነው። የልጁ 30 በ20 በ20 ነበር፣ ማለትም 12 ሊትር። በዚህ ውስጥ ከቤታ ጋር ሌላ ዓሳ አይገባም። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ግን ሰፋ ያለ አኳሪየም ያላችሁም ስላላችሁ እንቀጥል።

ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ገልብጦ ይቆጣል፣ ያሳድዳል

ወንድ ቤታ ሌላ ወንድ ቤታ ሲያይ ይጣላል። ታይላንድ ውስጥ ሰዎች ለረጅም ዘመን ለውጊያ እየመረጡ ስላራቡት ቁጣው ደሙ ውስጥ አለ። ችግሩ፣ ረጅም ጅራትና ደማቅ ቀለም ያለውን ዓሳ ሁሉ ተቀናቃኝ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ወንድ ጉፒ የሚጎዳው ለዚህ ነው። ጎራሚ የሚባለው ዓሳ ደግሞ የቤታ ዘመድ ነው፣ እሱም አይሆንም። ሴት ቤታ ትስማማዋለች ብላችሁም አታስገቡ። ከእርባታ ጊዜ ውጭ እሷንም ይነክሳታል።

መፍትሄው፦ የሚሳደደውን ዛሬውኑ አውጡት፤ ነገ አትበሉ። የሚስማማ ዓሳ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጓደኞቹን አስገቡ፣ ቤታውን በመጨረሻ። ቀድሞ የገባ ቤታ ቦታውን ሁሉ የኔ ነው ይላል። እሱ አስቀድሞ ካለ፣ ለጊዜው አውጡትና ድንጋዩንና ተክሉን ቦታ ቀይሩ። ሲመለስ አዲስ ቤት ይሆንበታል። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቢቆጣ አትደንግጡ። መንከስ ከጀመረ ግን መለየት ነው።

ማንም ሳይኖር ብቻውን የሚቆጣ ከሆነ መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል እያየ ይሆናል። የክፍሉን መብራት አብሩ ወይም የጀርባውን መስታወት በወረቀት ሸፍኑ።

የቤታው ክንፍ ተቀዳደደ

ብዙ ሰው ቤታ አጥቂ ነው ብሎ ብቻ ያስባል። ተጠቂም ይሆናል። ታይገር ባርብ የሚባለው ባለ መስመር ዓሳ ረጅም ክንፍ ካየ አይተውም። ቴትራ የሚባለው ትንሽ ዓሳም ሁለት ሦስት ብቻ ሆኖ ሲቀመጥ ይረበሽና ክንፍ መንከስ ይጀምራል፤ ቢያንስ ስድስት ሆኖ ሲኖር ግን እርስ በርሱ ይጠመዳል።

ጓደኞቹን ከመክሰሳችሁ በፊት የፕላስቲኩን ተክል ፈትሹ። አሮጌ ስስ የሴት ስቶኪንግ ውሰዱና ተክሉ ላይ ጎትቱት። ስቶኪንጉን ከያዘው የቤታውንም ክንፍ ይይዘዋል። አሁንም ካልገባችሁ ቤታውን ለአንድ ሳምንት ብቻውን አስቀምጡት። ብቻውን ሆኖም ክንፉ እየተቀደደ ከሄደ ጓደኞቹ የሉበትም። ክንፉ በንጹህና በሞቀ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ተመልሶ ያድጋል። በየጥቂት ቀኑ ሩብ ያህሉን ውሃ ቀይሩለት።

ቤታው ደህና ነው፣ ጓደኞቹ ግን ላይ ላዩን ይተነፍሳሉ

ይሄኛው ላይ ቆም ልበል፤ እኛ ጎንደር፣ ከፍታ ቦታ ላይ ነን። ቤታ ከስንጥቡ ሌላ ላቢሪንት የሚባል አካል አለው። በሱ ከውሃው ወጣ ብሎ አየር ይወስዳል። ሌሎቹ ይህ የላቸውም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቤታ ብለን ውሃውን ስናሞቀው ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ የቤታው ደህና መሆን ውሃው ደህና ነው ማለት አይደለም። ባሕር ዳርቻ ባሉ ሰዎች ልክ የተጻፈ «ይህን ያህል ዓሳ ይበቃል» የሚል ምክር ካነበባችሁ ከዚያ ቀንሱ።

ሁለተኛው ምክንያት ከዓሳው ቆሻሻ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ ነው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ የዓሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጎልድፊሽ ብዙ ቆሻሻ ስለሚጥል በ12 ሊትር ውስጥ ውሃውን ፈጥኖ ይመርዘዋል።

ዛሬ የሚደረገው፦ ሲሶውን ውሃ ቀይሩ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ይደር፣ ሙቀቱም ከውስጡ ጋር ይቀራረብ። ምግብ ቀንሱ። ትንሽ የአየር ፓምፕ አስገቡ፣ ግን ዝግ ባለ ኃይል። ቤታ ከኃይለኛ ጅረት ጋር ሲታገል ይደክማል።

ቤታው ደብዝዟል፣ ታች ተኝቷል፣ አይበላም

በኅዳርና በታኅሣሥ ይህን ካያችሁ መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ቤታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። ሁለቱን የሚያስማማ ሙቀት የለም፤ አንዱ ሲደላው ሌላው ይሠቃያል። ለ25 ሊትር 50 ዋት ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ይበቃል። ውሃ ስትቀይሩ ሶኬቱን ንቀሉ።

መብራት ሲጠፋ እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ አኳሪየሙን በጋቢ ዙሪያውን እጠቀልለዋለሁ፣ ላዩን ለአየር እተወዋለሁ። በሃይላንድ ፕላስቲክ ለብ ያለ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ አንሳፍፈዋለሁ። የፈላ ውሃ አይሆንም። አኳሪየሙም አየር የሚያስገባ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ቤታ የሚተነፍሰው ከውሃው በላይ ያለው አየር ከቀዘቀዘ ይጎዳዋል፣ ደግሞም ይዘላል።

ሽሪምፖቹ ጠፉ

ሽሪምፕ የሚባሉትን ትናንሽ የውሃ እንስሳት ቤታው በልቷቸዋል። ቤታ ሥጋ በል ነው።

ታዲያ ከማን ጋር ይኑር?

ከ20 ሊትር በታች ከሆነ ብቻውን፣ ቢበዛ ከአንድ ቀንድ አውጣ ጋር። ነሪት የሚባለው ቀንድ አውጣ ጥሩ ነው፤ አኳሪየሙ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ አልጌ ይበላል፣ በጨው አልባ ውሃ ስለማይራባም አኳሪየሙን አይሞላባችሁም። ብቻውን መኖሩ ቤታን አያሳዝነውም። የሚያሳዝነን እኛን ነው። 40 ሊትር አካባቢና ብዙ ተክል ካላችሁ ስድስት ኤምበር ቴትራ መሞከር ይቻላል። 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ታች የሚኖሩት ትናንሾቹ ኮሪዶራስ፣ ስድስት ሆነው፣ በለስላሳ አሸዋ ላይ። የሚሰምጥ ምግብ ለብቻቸው ስጧቸው፤ አለዚያ የቤታው ትራፊ ላይ ይቀራሉ።

ኮሪዶራስ «ካትፊሽ» ይባላል ብላችሁ ከጎርጎራ የአምባዛ ጫጩት እንዳታመጡ። አምባዛ ሲያድግ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቤታውን የሚውጠው ግን ገና ከዚያ በፊት ነው። የተረፋችሁን ዓሳም ቀሃ ወይም አንገረብ ወንዝ ውስጥ አትልቀቁ። ውሃቸው ጣና ይገባል፤ ጣና ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ የዓሳ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። የውጭ ዓሳና በሽታው እዚያ እንዲደርስ አንፈልግም።

አዲስ የሚገባ ዓሳ ሁሉ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቆይ። ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ እዚያው ይታወቃል። ያው ዕቃ ጠብ ሲነሳ መለያ ይሆናችኋል፤ ንጹህ፣ ሳሙና ያልነካው ባልዲ ይበቃል።

የጎረቤቴ ልጅ ጉፒዎቹንና ጎልድፊሹን ትልቅ አኳሪየም ላላቸው ዘመዱ ሰጠ። ቀዩ ቤታ በ12 ሊትሩ ብቻውን አለ፣ ከአንድ ቀንድ አውጣ ጋር። ባለፈው ሳምንት ልጁ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ ውሃው ላይ አረፋ ሞልቷል፣ ታመመ እንዴ?» አለኝ። አልታመመም። ወንድ ቤታ ለመራባት ሲዘጋጅ እንዲህ የአረፋ ጎጆ ይሠራል።