የምትወዱት ዘፋኝ ከኦርኬስትራ ጋር ሲመጣ፦ ዎልፍ ትራፕ ለምትሄዱ

ዕድሜ ልካችሁን በአንድ ጊታር ብቻ የሰማችሁት ዘፋኝ፣ ሐምሌ ላይ ከናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ዎልፍ ትራፕ ሊዘፍን ነው ተባለ እንበል። ዎልፍ ትራፕ የኮንሰርት ቦታ ነው፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ፣ ቪየና ውስጥ፤ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሐበሻ ሩቅ አይባልም። 7,000 ያህል ሰው ይይዛል። ገሚሱ ከእንጨት ጣሪያው ሥር፣ ገሚሱ ሣር ላይ።

መጀመሪያ ትኬት። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጣው ሁልጊዜ የቦታው ገጽ አይደለም፣ አስተውሉ። እኔ አንዴ ቸኩዬ ከመሃል ነጋዴ ገዛሁና ሣር ላይ ለመቀመጥ የጣሪያ ሥር ዋጋ ከፈልኩ። አጠገቤ የነበሩትን ባልና ሚስት ስንት እንደከፈሉ ጠየቅኳቸው። ምነው ባልጠየቅኩ!

ለሌላ ኮንሰርት ሣሩ ይበቃል። ለኦርኬስትራ ግን አቅም ካላችሁ ጣሪያ ሥር ግቡ ነው የምለው። ኮንዳክተሩን፣ ፊታቸው ቆሞ በእጁ የሚመራቸውን ሰው፣ በደንብ ማየት አለባችሁ። ለምን መሰላችሁ? ዘፋኙ ከራሱ ባንድ ጋር ሲሆን፣ ሞቅ ካለው አዝማቹን አራት ጊዜ ይደግመዋል፣ ከበሮ መቺውም በዓይን ብቻ ይገባዋል። ስልሳ ሰባ ሰው ግን ኖታ እያነበበ ነው የሚጫወተው፤ ያውም ብዙ ጊዜ አብረው የተለማመዱት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። እንደለመድነው «ይደገም!» ብትሉ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈማ! ስለዚህ ዘፋኙ አንዷን ቃል ሳብ አድርጎ ሲይዛት የኮንዳክተሩን እጅ እዩ። አየር ላይ ቀጥ ትላለች። ቫዮሊኖቹ ደጋናቸውን ክሩ ላይ እንዳሳረፉ ይጠብቃሉ፤ ያቺ እጅ ስትወርድ ሁሉም ባንዴ ይገባሉ። እኔ ትኬት የምገዛው ለዚህች ለአፍታ ነገር ነው።

ሳምንት ሲቀረው ዘፈኖቹን በመጀመሪያው ቅጂ ስሟቸው። ጆሮ ማለማመጃ ከፈለጋችሁ ካናዳዊቷን ዘፋኝ ጆኒ ሚቸልን እመክራለሁ፦ በ1969 በጊታር የቀዳችውን «ቦዝ ሳይድስ ናው» በ2000 ከኦርኬስትራ ጋር መልሳ ቀድታዋለች። በመሃል ድምጿ ወርዷል፣ ጎርነን ብሏል። ኦርኬስትራው ሲዘገይላት ያው ግጥም የሌላ ሰው ታሪክ ይመስላል። ቅንብሩ የቪንስ ሜንዶዛ ነው። እናንተም ለምትሄዱበት ምሽት ያቀናበረው ማን እንደሆነ ፕሮግራሙ ላይ ፈልጉ፣ ግማሹ ሥራ የእሱ ነው። የሙዚቃ አቀናባሪውን የነርሲስ ናልባንዲያንን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ቅንብሮች ለሚያውቅ ሰው መቼም ይሄ አዲስ ወሬ አይደለም።

በሰዓቱ ድረሱ፣ በሐበሻ ሰዓት አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ኦቦ (በትንፋሽ የሚነፋ መሣሪያ) ተጫዋቹ አንድ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ መሣሪያውን በእሱ ይቃኛል። ያ ጫጫታ ራሱ ደስ ይላል።

ሣር ላይ ከሆናችሁ ምግብ ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ዎልፍ ትራፕን የምወደውም በዚህ ነው። ፍርፍር በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ አምባሻ፣ ፍራፍሬ። ቆሎ ግን አደራ! አንድ ምሽት ዘፋኟ ቼሎ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ) ብቻ እያጀባት በሹክሹክታ ስትዘፍን፣ እኔ ሽንብራዋን ቀጭ አደረግኳት። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝ። አፌ ውስጥ የቀረውን ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደ ከረሜላ መጠጥኩት።

የሐምሌ ሙቀት እንዳያታልላችሁ፣ ሲመሽ ሣሩ ይረጥባል። ከጋቢው ሥር ላስቲክ አንጥፉ። ሣሩ ላይ ጃንጥላ ብትዘረጉ ከኋላ ያለው ሰው ምንም አያይም፣ ስለዚህ የዝናብ ካፖርት ያዙ። የወባ ትንኝ ቅባትም አትርሱ። አለባበስ እንደፈለጋችሁ፣ ሱፍ አያስፈልግም።

ሲያልቅ ያ ሁሉ ሺህ ሰው ባንዴ ወደ ፓርኪንጉ ይጎርፋል። ወረፋውን ፈርታችሁ ከመጨረሻው ዘፈን በፊት እንዳትነሱ፤ ኦርኬስትራው ጉልበቱን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። ይልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዉ መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ ተራ ሲጠብቅ፣ እናንተ ጋቢው ላይ ተቀምጣችሁ ሁለተኛውን ብርጭቆ ቅዱ።