ጠዋት ሞተሪኖው ዞሮ ዞሮ ለሚነሳ ዲዝል አውቶሞቢል

ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ካልዞረ የማይነሳ፣ ቀን ላይ ግን ቁልፍ እንደነካችሁ የሚነሳ ዲዝል ካላችሁ የማሞቂያ ካንዴላ ለመቀየር አትቸኩሉ። ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አድርጋችሁ አቁሟት። ሐረር ቁልቁለት አይቸግርም፤ ድሬዳዋ ሜዳው ላይ የኋላ ጎማዎቹን ከፍ ያለ ቦታ ማውጣት ነው። ጠዋት ወዲያው ከተነሳች የነዳጅ መስመሩ አየር ያስገባል ማለት ነው፤ ኋላ ያለው ታንክ ከሞተሩ ከፍ ስላለ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ኋላ አልተመለሰም።

ኦኤም 605 እና 606 ሞተር ያላቸው የቆዩ መርሴዲሶች ላይ ፊልትሮው አካባቢ ያሉት ቱቦዎች ውስጣቸው የሚታይ ፕላስቲክ ስለሆኑ ኮፈን ከፍቶ ማየት ነው። የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረፋ ችግር የለባትም። ባቄላ ካከለች ግን ቱቦው ጫፍ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) በሙቀት ደርቋል። ናፍጣ ላያንጠባጥብ ይችላል፣ አየር ግን ያሳልፋል። ኦሪንጎቹን ሁሉንም ባንዴ ቀይሩ፤ ሙቀትና ናፍጣ የሚችለው የቫይተን ጎማ ይሁን፣ ከመግባቱ በፊት ናፍጣ ቀቡት።

ነጭ ጭስና መንቀጥቀጥ ካለ ግን ወደ ካንዴላው ተመለሱ። ኮመን ሬይል ሞተር (ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚከፋፈልበት ዲዝል) ላይ የከፍተኛ ግፊቱን ቱቦ እንዳትነኩ፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል፣ ቆዳ ይበሳል። ቁልቁለት ላይ ስታቆሙም ጎማ ሥር ድንጋይ አይረሳ።