ለቤት ስቴሪዮ ተጣጣፊና ጥሩ ድምፅ የሚያወጣ የስፒከር ገመድ እንዴት ይመረጣል?

ጥሩ አምፕሊፋየርና ጥሩ ስፒከር ገዝቶ ሲያበቃ እቤት ውስጥ በተገኘ ቀጭን ሽቦ የሚያገናኝ ሰው ብዙ ነው። ለገመድ ብቻ የስፒከሩን ያህል ብር የሚያወጣም አለ። ሁለቱም በገንዘባቸው አልተጠቀሙበትም። ገመድ የግድ ውድ መሆን የለበትም። ውስጡ እውነተኛ መዳብ ይሁን፣ ውፍረቱ ለርቀቱ ይብቃ፣ ክሮቹ ቀጭንና ብዙ ይሁኑ። ከእነዚህ ውስጥ ገበያ ላይ የሚያስቸግረው መዳቡ ነው፤ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

1. ርቀቱን ለኩ፣ የስፒከሩን ጀርባ አንብቡ

ገመዱ በሚሄድበት መንገድ ለኩ፤ በግድግዳው ጥግ፣ በቴሌቪዥን ማስቀመጫው ኋላ እየዞራችሁ። ግማሽ ሜትር ጨምሩበት። ስፒከሩን ወደፊት ሳብ፣ ወደ ጎን ገፋ እያደረጋችሁ ቦታ ስትፈልጉለት ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ከስፒከሩ ጀርባ 8 ኦም፣ 6 ኦም ወይም 4 ኦም የሚል ጽሑፍ አለ፤ ኦም ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ያዙት።

2. ውፍረቱን ወስኑ

ገመዱ የራሱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም በኦም የሚለካ ተቃውሞ፣ አለው። ስፒከሩ ደግሞ 8 ኦም ይባል እንጂ ሁልጊዜ 8 አይደለም፤ እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት አንዴ ወደ 5 ይወርዳል፣ አንዴ ከ20 በላይ ይወጣል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኦሙ ዝቅ ባለበት ቦታ ላይ ብዙ ድምፅ ይበላል፣ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ግን ብዙም አይነካም። ውጤቱ ድምፁ መቀነሱ ብቻ አይደለም፤ ሚዛኑም ይዛባል፣ ቤዙም ይላላል። የገመድ ድምፅ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ይኸው ነው።

የተለመደው መመሪያ የገመዱ ሬዚስታንስ፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ፣ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ለመዳብ ገመድ ሲሰላ እንዲህ ይሆናል። ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ገመድ (የአንዱ ሽቦ መዳብ ተቆርጦ ሲታይ ያለው ስፋት ነው) ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 15 ሜትር፣ ለ4 ኦም እስከ 7 ሜትር ይበቃል። ባለ 2.5 ለ8 ኦም 25 ሜትር፣ ለ4 ኦም 12 ሜትር ያስኬዳል። ባለ 0.75 ለ4 ኦም ስፒከር ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ባትወስዱት ይሻላል።

የእኔ ምርጫ ለተራ ሳሎን 2.5 ነው። በዋጋ ከ1.5 ብዙ አይርቅም፣ ነገ ባለ 4 ኦም ስፒከር ብትገዙም ገመድ አትቀይሩም። ከ4 በላይ አትሂዱ፤ ይደርቃል፣ ጀርባ ላይ ያለው ቀዳዳም አያስገባውም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ገመዱ የሚሸጠው በጌጅ ስለሆነ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር አትርሱ፦ 16 ጌጅ 1.3 ያህል፣ 14 ጌጅ 2.1፣ 12 ጌጅ 3.3 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። እዚያ በግድግዳ ውስጥ የምታሳልፉት ከሆነ ለግድግዳ ውስጥ መፈቀዱን የሚያሳይ ሲኤል 2 ወይም ሲኤል 3 (CL2፣ CL3) የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ ግዙ፤ የእሳት ጉዳይ ነው።

3. እጥፍጥፍ የሚል ይሁን

ለቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሸጠው አንድ ወጥ ሽቦ ድምፅ ያስተላልፋል፤ ችግር የለበትም። ግን ስፒከሩን ደጋግማችሁ ስታንቀሳቅሱት ከማሰሪያው ሥር ሊሰበር ይችላል፣ እንደታጠፈም ይቀራል። ለስፒከር የምንፈልገው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራውን ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ሽቦን በክላስ ይከፍለዋል፦ ክላስ 1 አንድ ወጥ፣ ክላስ 5 ተጣጣፊ፣ ክላስ 6 በጣም ተጣጣፊ። ባለ 2.5 ክላስ 5 ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ከሆኑ 50 ክሮች ይሠራል። ክላስ 6 ደግሞ 0.15 ከሆኑ 140 ክሮች። ሁለተኛው በጣት መካከል እንደ ጨርቅ ይሄዳል።

ክሩ ብቻ ግን አይበቃም። የላዩ ፕላስቲክ ደረቅ ከሆነ ውስጡ ያለው ልስላሴ ይባክናል። ሱቅ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ያዙና ሁለት ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ልቀቁት። ተስፈንጥሮ ወደነበረበት የሚመለስ ከሆነ ወለል ላይ አይተኛላችሁም፣ ምንጣፍ ሥርም ያብጣል። የሲሊኮን ልባስ ያለው በጣም ለስላሳ ነው። ግን በቀላሉ ይቆረጣል፣ የጠረጴዛ እግር ከረገጠው አለቀለት። እኔ ለስላሳ ፕላስቲክ ያለውን እመርጣለሁ።

የስፒከር ገመድ ተብሎ የሚሸጠውን ካጣችሁ ለማከፋፈያና ለቤት ዕቃ የሚሆነው ባለ ሁለት ሽቦ ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ኬብል በትክክል ይሠራል። አትፈሩት። ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው እስከ መጨረሻ መሄዳቸው ራሱ ጥሩ ነው፤ የተለያዩ ሁለት ነጠላ ሽቦዎችን አራርቆ መዘርጋት ኢንዳክታንሱን፣ ማለትም ለቀጫጭን ድምፆች ያለውን ተቃውሞ፣ ስለሚጨምር ቀጫጭን ድምፆችን ሊያደበዝዝ ይችላል።

4. መዳብ መሆኑን አረጋግጡ

ገበያ ላይ መዳብ የሚመስል፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ሞልቷል። ሲሲኤ (CCA) ይባላል፤ አሉሚኒየም ሆኖ በላዩ ስስ መዳብ የለበሰ ማለት ነው። አንዳንዱ በእንግሊዝኛ ሦስቱን ፊደላት በሐቀኝነት ያትማቸዋል። ብዙው ግን ዝም ይላል፣ ወይም ንጹህ መዳብ ብሎ ይጽፋል። ሻጩም ራሱ ላያውቅ ይችላል፤ እሱም እንደዚያ ተብሎ ነው የገዛው።

ምን ችግር አለው? አንደኛ፣ የሲሲኤ ሬዚስታንስ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ባለ 2.5 ብላችሁ የገዛችሁት እንደ 1.5 መዳብ ይሠራል። ይህን አንድ ደረጃ በማወፈር ማካካስ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ማካካሻ የለውም፦ በተደጋጋሚ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ የተላጠው ጫፍ በጊዜ ብዛት ይዝጋል፣ ሲጠብቅ ይደቃል፣ ከዚያ ይላላል። ከአንድ ሱቅ ንጹህ መዳብ ተብሎ የተሸጠልኝ ገመድ ነበር፤ ጫፉ ጠቁሮ ክሮቹ በነካኋቸው ቁጥር እየተሰበሩ ይወድቁ ነበር። ምልክቱ አንዱ ስፒከር እየተቆራረጠ መሰማቱ ነው። ሰው ደግሞ ይህን ሲሰማ አምፕሊፋየሩ ተበላሽቷል ብሎ ጥገና ቤት ይሮጣል።

ስለዚህ መርካቶም ሂዱ ሰፈር ሱቅ፣ ሙሉውን ከማስቆረጣችሁ በፊት 10 ሳንቲሜትር ብቻ ግዙና ፈትሹት።

ጫፉን በስለታም ነገር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። መዳብ ከሆነ የተቆረጠው ገጽ ሙሉ ቀይ ነው። ሲሲኤ ከሆነ መሃሉ ነጭ፣ ዳሩ ብቻ ቀይ ይሆናል። ካልታያችሁ አንድ ክር በምላጭ ፋቁ። እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ አለ፦ ከውጭ ብርማ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው። እሱ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ዝገትን ይቋቋማል። መጥፎው ከውጭ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ የሆነው ነው።

ሌላው ፈተና እሳት ነው። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፣ አንዲት ክር ብቻ በፒንሳ ይዛችሁ ከላይተር ነበልባል አስጠጉ። መዳብ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ግን ቅርፁን ይዞ ይቆያል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ክሯ ትኮማተራለች፣ ትበጠሳለች። መዳብ የሚቀልጠው ከ1080 ዲግሪ በላይ ነው። ይህን ደጅ ሆናችሁ አድርጉት እንጂ ሱቁ ውስጥ አይደለም።

ሙሉ ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ሚዛን ከሁሉም ይበልጣል። 100 ሜትር ባለ ሁለት ሽቦ 2.5 መዳቡ ብቻ፣ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር፣ 4.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥቅሉ በጠቅላላው ከዚያ ካነሰ ወይ መዳብ አይደለም፣ ወይ 2.5 አይደለም።

2.5 አለመሆኑም የተለመደ ነው። ወፍራም ፕላስቲክ ያለብሱትና ውስጡን ያቀጥኑታል፤ ስለዚህ በላዩ ውፍረት አትፍረዱ። ክሮቹን ቁጠሩ። የአንዷን ክር ውፍረት ለማወቅ ካሊፐር ከሌላችሁ እርሳስ ላይ 20 ዙር አጠጋግታችሁ ጠምጥሙና ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ። 5 ሚሊሜትር ከመጣ ክሯ 0.25 ናት። እንዲህ ያለ ክር 50 ካለ በእርግጥም 2.5 ገዝታችኋል፤ 30 ከሆነ 1.5 ነው።

5. ለምን ነገር ተጨማሪ ብር አትከፍሉም

ከኦክስጅን ነፃ መዳብ የሚባለው ከተራው የኤሌክትሪክ መዳብ በማስተላለፍ ችሎታው የሚበልጠው 1 በመቶ ያህል ነው። ብር ራሱ፣ ጌጥ የሚሠራበት ብር፣ መዳብን የሚበልጠው በ6 በመቶ ገደማ ነው። ገመዱን ትንሽ ማወፈር ከሁለቱም የበለጠ ለውጥ ያመጣል። የአቅጣጫ ቀስት የታተመበትም አለ። የሙዚቃ ሲግናል ተለዋዋጭ ነው፤ ይሄዳል ይመለሳል፣ ስለዚህ ቀስቱ ምንም አይጨምርም። የተረፋችሁን ብር ለስፒከሩ መቆሚያ ወይም ለወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ አውሉት። ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ድምፁን ከየትኛውም ገመድ በላይ ያበላሻል።

6. ማገናኘት

አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ። ሁለቱን ገመዶች እኩል ቁረጡ፤ አንድ ሁለት ሜትር ቢበላለጡ ግን በጆሮ የሚለይ ነገር የለም። ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ያህል ላጡ፣ ክሮቹን ሳትቆርጡ። ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምዝዙ። አንዲት ያመለጠች ክር ቀዩንና ጥቁሩን ካነካካች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥለው ትችላለች፤ ስለዚህ ካሰራችሁ በኋላ በስልክ መብራት እዩት።

ጫፉን በሊድ በይዳችሁ ከብሎን ሥር አታስገቡ። ሊድ ለስላሳ ስለሆነ ቀስ በቀስ ይጨፈለቅና ማሰሪያው ይላላል። ባዶ መዳብ፣ ወይም ባናና ፕለግ (በገመዱ ጫፍ የሚታሰር፣ ስፒከሩ ጀርባ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካ ብረት) ይሻላል። ባናና ፕለግ ግን አንድ ትልቅ አደጋ አለው። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ነው፣ የግድግዳችን ሶኬት ቀዳዳ ውስጥም ይገባል። ያ 220 ቮልት ነው። ልጆች ባሉበት ቤት አንድ ጫፉ የተነቀለ ገመድ ወለል ላይ አትተዉ። በዚሁ ምክንያት የግድግዳ ፕለግ ቆርጦ ለስፒከር ማገናኛ ማድረግን በጭራሽ አትሞክሩት፤ አንድ ቀን ሰው ግድግዳው ላይ ይሰካዋል።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ድምፃዊውም መሃል ላይ አይቆምም። ገመዱ የቀለም ምልክት ከሌለው ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ብቻ ንኩበት። ከባትሪው ፖዘቲቭ የተገናኘው ሽቦ ወደ ስፒከሩ ቀይ የሚሄደው ከሆነ የስፒከሩ ትልቁ ክብ ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከገባ ገልብጡት።

ትናንሾቹ የዲጂታል አምፕሊፋየሮች ላይ የሁለቱን ስፒከር ጥቁር ሽቦ በአንድ ላይ አታስሩ። ብዙዎቹ ላይ ጥቁሩም ሲግናል አለበት እንጂ ግራውንድ (ሲግናል የሌለበት የጋራ መመለሻ) አይደለም፤ አንድ ላይ ከታሰረ ይቃጠላል።

በባዶ ሽቦ ካሰራችሁ ከአንድ ወር በኋላ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። መዳቡ ተጨፍልቆ ቦታውን ስለሚይዝ ትንሽ ሊላሉ ይችላሉ።