ስለ ጠፈር ሊፍት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው እንደያዘ ይቆማል። ሰሞኑን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ተይዘን ቀረን። ልጁ ዩቲዩብ ላይ ስለ ጠፈር ሊፍት፣ ማለትም ሰውና ዕቃ በገመድ ጠፈር ድረስ ያወጣል ስለሚባለው ሐሳብ፣ አይቶ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ ይሄ አምስተኛ ፎቅ መድረስ አቅቶት ጠፈር ድረስ እንዴት ይሆናል?» አለኝ። ጨለማው ውስጥ ክርክር ገጠምን። ከእሱም ከእኔም አፍ የወጡትን ስህተቶች ከወረድኩ በኋላ ሰበሰብኳቸው።

«በጣም ረጅም ሕንፃ ነው»

የስህተቶች ሁሉ እናት ይህች ናት። እሷ ከተስተካከለች ሌሎቹ ግማሽ በግማሽ ይቀላሉ። ሩሲያዊው የጠፈር ሳይንቲስት ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሐሳቡን ሲያነሳ የፓሪሱ ኤፍል ማማ ነበር በዓይነ ሕሊናው የመጣው፤ ከምድር ተነስቶ ሰማይ የሚደርስ ማማ። አብዛኞቻችን እዚያው ቀርተናል። የባቢሎን ግንብ ነው የሚታየን።

በ1960 ዩሪ አርትሱታኖቭ የሚባል የሌኒንግራድ መሐንዲስ ነገሩን ገለበጠው። ከታች አይገነባም፣ ከላይ ይንጠለጠላል አለ። ጣሪያችሁ ላይ ያለውን ዲሽ ተመልከቱ። አንዴ ከተስተካከለ ሳተላይቱን ተከትሎ አይዞርም፤ ምክንያቱም ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞር ባለበት የቆመ ይመስላል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ገመድ ወደ ታች ይለቀቃል። ሚዛን እንዲጠበቅ ሌላ ገመድ ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ ክብደት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ያለው ወንጭፍ ነው። እጃችሁ መሬት፣ ድንጋዩ ያ ክብደት። እስከተሽከረከረ ድረስ ገመዱ እንደተወጠረ ይቆያል። ግድግዳ የለም፣ ምሰሶ የለም።

«400 ኪሎ ሜትር አይበቃም ወይ?»

ልጁ የጠየቀኝ ይህንን ነው። ጠፈር ጣቢያው እዚያ ከፍታ ላይ ነው፣ ሰዎቹም ይንሳፈፋሉ፤ ታዲያ ለምን 36 ሺህ? መልሱ ብዙ ትልልቅ ሰዎችንም ያስገርማል። 400 ኪሎ ሜትር ላይ የመሬት ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ስበት ጠፍቶ አይደለም። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን እየበረሩ፣ ያለማቋረጥ መሬትን ዙሪያዋን እየወደቁ ስለሆነ ነው። ሊፍቱ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን እንዲህ አያስፈተልክም። 400 ኪሎ ሜትር ላይ በሩን ከፍቶ የወጣ ሰው እንደ ድንጋይ ይወርዳል። 20,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቢወጣም መጨረሻው መሬት ነው።

«ራስ ዳሽን ላይ ቢተከል ይቀንሳል»

ይህቺ የእኔ ነበረች፣ አልክድም። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ አራት ተኩል ቢቀነስ ማን ይሰማዋል? ደግሞም የሚሻለው ቦታ ምድር ወገብ ነው። እኛ ከዚያ ትንሽ ወደ ሰሜን ነን። ዕድሉ ለኬንያ ይቀርባል።

«ጠንካራ ብረት ከተገኘ አለቀ»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ማንኛውንም ገመድ አንጠልጥላችሁ ብታረዝሙት የሆነ ቦታ ላይ የራሱ ክብደት ይበጥሰዋል። ጥሩ የብረት ሽቦ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበጠሳል። ጥይት መከላከያ የሚሠራበት ኬቭላር 250 አካባቢ። ስበት ወደ ላይ ሲወጡ እየደከመ ስለሚሄድ ገመዱ 36 ሺውን ሙሉ መሸከም አይጠበቅበትም፤ ቢሆንም ወጥ ውፍረት ያለው ገመድ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን የራሱን ክብደት መቻል አለበት። ከላይ እያወፈሩ ከታች እያቀጠኑ መሥራት ሸክሙን ያቃልላል። ግን በብረት ከተሞከረ የላይኛው ውፍረት ቀልድ ይሆናል።

ስለዚህ ሁሉም ተስፋውን ካርቦን ናኖቲዩብ ላይ ጥሏል። ከ1991 ጀምሮ የሳይንሱን ዓለም ያነጋገረ፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የካርቦን ቱቦ ነው። በስሌት ይችላል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች ግማሽ ሜትር የሚደርስ ሲሠሩ ትልቅ ዜና ሆነ። ግማሽ ሜትር ማለት አንድ ክንድ ነው!

«ኃይሉ ከየት ይመጣል?»

ይህ ስህተት በተቃራኒው ነው፤ ከሚገባው በላይ ያስፈራናል። አንድ ኪሎ ዕቃ ያ ከፍታ ድረስ ለማውጣት በስሌት 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። የእንጀራ ምጣድ አራት ሰዓት ያህል ቢበራ የሚበላው ነው። ሮኬት የሚከብደው አብዛኛው ጭነቱ ነዳጅ ስለሆነ፣ ነዳጁን ራሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ስለሚፈልግ ነው። የሊፍቱ ራስ ምታት ኤሌክትሪኩን ለሚወጣው ሳጥን ማድረሱ ላይ ነው። በሌዘር ይላክ የሚሉ አሉ፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ግን ብዙ ነው።

«ቢበጠስ በላያችን ይወርዳል»

የት ጋ እንደተበጠሰ ይወሰናል። ከታች፣ መሬቱ አጠገብ ከተቆረጠ ገመዱ አይወድቅም፤ ወደ ላይ ይሄዳል። ወንጭፉን የያዘው እጅ ለቀቀው ማለት ነው። ከላይ ከተበጠሰ ግን የታችኛው ክፍል ወደ ምሥራቅ እየተጠቀለለ ይወርዳል። እኔን ከዚህ በላይ የሚያሳስቡኝ ሳተላይቶቹ ናቸው። ከገመዱ ጋር እኩል ከሚዞሩት በታች ያለው ሁሉ ምድር ወገብን ደጋግሞ ስለሚያቋርጥ፣ ዘወር ካላሉ በቀር አንድ ቀን መጋጨታቸው አይቀርም።

«በ2050 ይጠናቀቃል»

የጃፓኑ የግንባታ ድርጅት ኦባያሺ በ2012 ይህን ዓመት ጠቅሶ ነበር። ገመዱ 96,000 ኪሎ ሜትር፣ ሳጥኑ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር፣ ጉዞው ሳምንት አለፍ የሚል። ዕቅዱ ቆንጆ ነው። የሚሠራበት ገመድ ግን እስካሁን አንድ ክንድ ነው ብለናል።

ልጁ ቅር ሲለው አይቼ የጨረቃውን ነገርኩት። እዚያ ስበቱ የእኛ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉ ጠንካራ ክሮች ይበቃሉ። ጨረቃ ዝግ ብላ ስለምትዞር ገመዱ ከ50,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው እንጂ። «እና ለምን አይሠሩትም?» ሊለኝ አፉን ሲከፍት መብራት መጣ። ሊፍቱ ወደ አራተኛ ተመልሶ ተከፈተ። አምስተኛን በደረጃ ወጣን።