ሩዝ በወተት፦ ማሩ መጨረሻ ላይ ነው

ሩዝ በወተት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው። ሩዙ ሳይበስል ወተቱ ይገባበታል፣ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ ማር ይፈስበታል። ከዚያ ሥሩ ያረረ፣ መሃሉ እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ይወጣና ትልልቆቹ ቀምሰው «የልጅነታችን አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ለስድስት ሰው 150 ግራም ሩዝ፣ 2 ኩባያ ውሃ፣ 1 ሊትር ከሩብ ወተት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጣት የምታህል ቀረፋ፣ 2 ፍሬ ኮረሪማ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ እና 4 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። ኩባያ ያልነው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው፤ በእሱ ሲለካ ሩዙ ሦስት አራተኛ ኩባያ ይሆናል።

ሩዙ አጭርና ደንደን ያለ ፍሬ ያለው ይሁን። የፎገራ ሩዝ ለዚህ ሥራ ከባስማቲ ይሻላል። ባስማቲ ፍሬው ተነጣጥሎ እንዲቀር ሲፈለግ ነው የሚመረጠው፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ስታርቹን ለቅቆ ወተቱን የሚያወፍር ሩዝ ነው። ጠጠሩን ለቅመው አንዴ ብቻ ያለቅልቁት። ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ካጠቡት ማወፈሪያውን አብረው ደፉት ማለት ነው።

ወተቱ ከሰፈር የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ማንኪያውን ብቻ ለብቻ አፍልተው ይዩት። ከቋጠረ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ ለእርጎ ይዋል እንጂ ድስት ውስጥ አይግባ። በወይራ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ጭስ ጭስ ይላል። ይህን የሚወድ አለ፤ ኮረሪማውን ግን ይጫንበታል።

ሩዙን በውሃው፣ በጨውና በቀረፋው ይጣዱት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ሩዝ ማሸጊያው ላይ «12 ደቂቃ» ቢልም አይመኑት፤ 20 ደቂቃ ይስጡት። አንድ ፍሬ አንስተው በሁለት ጣት ሲጨፈልቁት መሃሉ ላይ ነጭ ጠንካራ ነጥብ ካለ ገና ነው። ትንሽ ውሃ ጨምረው ይቀጥሉ። ጥሬነት ያለው ሩዝ ወተት ከገባበት በኋላ በቀላሉ አይለሰልስም።

ሩዙ ውሃውን ሊጨርስ ሲል ወተቱን በሌላ ድስት ያፍሉት። ያንን ድስት ወተት ከመጨመርዎ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አርጥበው ቢደፉት ሥሩ ቶሎ አይዝም። ትኩሱን ወተት በሦስት ዙር ሩዙ ላይ ይጨምሩ፤ እያንዳንዱ ዙር ከሩዙ ጋር እስኪዋሃድ ይማሰል። ከዚህ በኋላ 35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ አብዛኛው ድካምም እዚህ ነው። ድስቱ ዳር ዳሩን ብቻ ፈንጠር ፈንጠር ሲል ይቆይ፤ መሃሉ ከተንደቀደቀ እሳቱ በዝቷል። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙን አመድ ያልብሱት። ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ዝቅተኛው ቁጥርም ሊያይል ይችላል፤ ያኔ ድስቱን በየመሃሉ አንሳ አንሳ ማድረግ ነው።

በእንጨት ማማሰያ ሲያማስሉ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ይጥረጉ። የወተቱ ፕሮቲንና የሩዙ ስታርች ሥሩ ላይ ይዘቅጣሉ፣ ማረር የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ማማሰያው ወለሉ ላይ ሸካራ ነገር ከነካና የማረር ሽታ ከመጣ አይፋቁት፤ ላዩን ቀስ ብለው ወደ ሌላ ድስት ይገልብጡ፣ ሥሩን እዚያው ይተዉት። ከተፋቀ ግን ሽታው ለሙሉው ድስት ይዳረሳል፤ ማርም ቀረፋም አይሸፍነውም።

መድረሱን የሚያውቁት ማማሰያውን በወለሉ ላይ ሲስቡት የተከፈተው መስመር ሁለት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ሲከደን ነው። መስመሩ ተከፍቶ ከቀረ አልፏል። ሲቀዘቅዝ እጅግ ስለሚወፍር ከሚፈልጉት ቀጠን ብሎ ይውረድ።

ኮረሪማ ከጅማው ሄርማታ ገበያ ሲገዙ ቆዳው ያልተሰነጠቀውን፣ እጅ ላይ ከበድ የሚለውን ይምረጡ። ሰንጥቀው ፍሬውን ያውጡ፣ ልጣጩን ይጣሉ፣ ፍሬውን ይውቀጡ። ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ያስገቡት፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ለጎረቤት ነው የሚሆነው። ቅቤውም አብሮ ይግባ። ለጋ ይሁን ያልነው በኮሰረትና በአብሽ የተነጠረው ቅቤ ወጥ ወጥ ስለሚያሰኘው ነው።

አሁን ያውርዱትና ቀረፋውን አውጥተው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ማር ራሱ አሲድነት አለው፤ ከሚፈላ ወተት ጋር ሲገናኝ ወተቱን ሊቋጥረው ይችላል፣ የራሱም መዓዛ ይተናል። ጣት ሲነከርበት የሚያስችል ሲሆን አፍስሰው ይማሰል። ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ለስላሳ ስለሆነ ከኮረሪማ ጋር ይስማማል፤ የግራዋው መረር ስለሚል ለዚህ አይመረጥም። ማር ከሌለ 80 ግራም ስኳር ከኮረሪማው ጋር ይግባ፤ ከዚያ በፊት ከገባ ግን ውሃውን ስለሚሻማ ሩዙ ጠጠር እንዳለ ይቀራል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ የእሱን ድርሻ ማሩ ሳይገባ ይቅዱለት።

ላዩ ላይ የሚይዘው ስልባቦት ቤተሰብ ያጣላል፤ የሚጠላው እስኪቀዘቅዝ ያማስል ወይም ሰሐን ይክደንበት። በረመዳን ለማፍጠሪያ ከሆነ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ቢጣድ ለብ እንዳለ በሻይ ብርጭቆ ይደርሳል። የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ የበሰለ ሩዝ በሙቀት ሲቆይ ሆድ የሚያውክ ባክቴሪያ ያፈራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግሥቱ ይቆያል፤ ሲያሞቁት ለአንድ ሰው ሁለት ማንኪያ ወተት ይጨምሩና በደንብ ይፍላ። በማር የተሠራው በዚህ ጊዜ ትንሽ ቢቋጥር አይደንግጡ።

ሥሩ ሳያርር ወርቅማ ቅርፊት ብቻ ይዞ ከቀረ ድስቱን ቶሎ አይዘፍዝፉት። ግማሽ ስኒ ትኩስ ወተት ጨምረው ይክደኑት፣ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል፤ ድስቱንና ማንኪያውን ለልጆቹ ይስጧቸው።