ካሜራዬን ማንሳት ሲያስጠላኝ ምን አደረግኩ?

ለሦስት ሳምንት ያህል ካሜራዬን ማንሳት አስጠላኝ። ሐረር ጀጎል ውስጥ እየኖርኩ የማነሳው ሁሉ ያው ነው፤ ባለቀለም ግድግዳ፣ ባለቀለም ሻሽ፣ ጠባብ መንገድ። ማታ ቤት ስገባ ሁሉንም አጠፋለሁ።

መጀመሪያ ኢንስታግራም ላይ የሰው ሥራ ማየት ጀመርኩ። ባሰብኝ። ከዚያ ሰፊ ሌንስ ተዋስኩ፤ ሁለት ቀን ደስ አለኝ፣ በሦስተኛው ያው ሆነ። ድሬዳዋ ወርጄ የከዚራን ሰፈር ዞርኩ። ቦታው ቢቀየርም ዓይኔ አልተቀየረም።

የሠራልኝ ማጥበብ ነው። አንድ ሌንስ፣ 50 ሚሊሜትር። አንድ ቦታ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት «መኪና ግርግር» የሚባለው የጀጎል መንገድ። ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት፣ ለ10 ቀን። በቀን 12 ፎቶ ብቻ፤ ቤት እስክገባ ስክሪኑን አላይም።

እስከ አራተኛው ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው አንድ አባባ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ ቆሜ አየሁ። ከፊት ለፊታቸው ካለው አረንጓዴ ግድግዳ የነጠረው ብርሃን ጉንጫቸው ላይ አርፏል። ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ አላየሁትም! አስፈቀድኳቸው፤ «አንሳ ልጄ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሳየው ግን አረንጓዴው የለም። ኋይት ባላንሱ፣ ማለትም ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበት ቅንብር፣ አውቶ ላይ ስለነበር ቀለሙን እንደ ስህተት ቆጥሮ አርሞታል። በማግስቱ ቅንብሩን 5500 ኬልቪን ላይ፣ ማለትም በቀን ብርሃን ልክ፣ ቆልፌ ደግሜ አነሳኋቸው። አረንጓዴው ተመለሰ።

ፎቶውን አሳትሜ ሰጠኋቸው። ትንሽ አይተው የስፌት መኪናቸው መሳቢያ ውስጥ፣ ከክሮቹ ጋር አስቀመጡት።